ክሮፕሲ፦ የስታተን አይላንዱ ጭራቅ

«ክሮፕሲ» በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ነው) በኒውዮርኩ ትራይቤካ የፊልም ፌስቲቫል የታየ የአሜሪካ ዘጋቢ ፊልም ነው። አዘጋጆቹ ጆሹዋ ዜማንና ባርባራ ብራንካቺዮ ናቸው። ሁለቱም ያደጉት የኒውዮርክ ከተማ ክፍል በሆነችው ደሴት፣ ስታተን አይላንድ ነው። በልጅነታቸው ሲያስፈራሯቸው የኖሩበትን ጭራቅ ነው አድገው፣ ካሜራ ይዘው ሊፈልጉት የወጡት።

ወሬው እንዲህ ነው። ክሮፕሲ ከአእምሮ ሕሙማን ተቋም ያመለጠ ሰው ነው። ሰው ጥሎት በሄደው የሲቪው የሳንባ ነቀርሳ ሆስፒታል ሥር፣ ዋሻ ውስጥ ይኖራል። ሲመሽ ወጥቶ ልጅ ይወስዳል። አንዱ ተራኪ እጁ መንጠቆ ነው ይላል፤ ሌላው ደም የነካው መጥረቢያ ያስይዘዋል።

ወሬ ሆኖ በቀረ ደግ ነበር። በ1987 ዳውን ሲንድረም ያለባት የ12 ዓመት ልጅ ጠፋች። ነዋሪው ወጥቶ ጫካውን አሰሰ። ከወር በላይ ቆይቶ አስከሬኗ ዊሎውብሩክ በተባለ የመንግሥት ተቋም ግቢ ተቀብሮ ተገኘ። የተያዘው አንድሬ ራንድ እዚያው አቅራቢያ ሜዳ ላይ ያድር የነበረ፣ በ1960ዎቹም የተቋሙ ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ፖሊስ ይዞት ሲሄድ ልጋጉን እያዝረከረከ የተነሳው ፎቶ ወጣ። ደሴቷ ክሮፕሲን በዓይኗ ያየች መሰላት።

ፍርድ ቤት ግን እንደ ፎቶ አይቸኩልም። በ1988 ዳኞቹ በአፈና ጥፋተኛ አሉት፤ በግድያው ክስ መስማማት አቃታቸው። በ2004 ደግሞ በ1981 በጠፋች ሌላ ልጅ አፈና ተፈረደበት፤ ያቺ ልጅ አልተገኘችም። ፊልሙ «እሱ ነው» ወይም «አይደለም» ብሎ አይቆርጥም። አንዳንድ ተመልካች በዚህ ይናደዳል። ለእኔ ጥንካሬው እሱ ነው። ማታ ማታ በባትሪ ፍርስራሽ ውስጥ እየገቡ ማስደንገጡ ግን ትንሽ በዝቷል።

ከመንጠቆው ይልቅ የሚያስፈራው ዊሎውብሩክ ራሱ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ልጆች የተሠራ የመንግሥት ተቋም ነበር። ለ4,000 ሰው ታስቦ ከ6,000 በላይ ታጉሮበታል። ጋዜጠኛው ጄራልዶ ሪቬራ በ1972 ሳያስፈቅድ ካሜራ ይዞ ገባ። ራቁታቸውን፣ በቆሻሻ መሐል የተጣሉ ልጆችን አገር አየ። ያም ሆኖ ተቋሙ እስኪዘጋ 15 ዓመት ፈጀ፤ የተዘጋው ያቺ ልጅ በጠፋችበት በዚያው ዓመት ነው።

ራንድ ከእስር ቤት ለአዘጋጆቹ ደብዳቤ ይጽፍላቸው ነበር። ካሜራ ፊት ግን አልቀረበላቸውም።