የአለርት ድምፅ ሲዘገይ ሁሉም በኢንተርኔት የሚያሳብበው ለምንድን ነው?

ከስልክ ላይቭ የሚገቡ ሰዎች አንድ የማያልቅ ቅሬታ አላቸው። ተመልካች ጊፍት ይልካል ወይም ፎሎ ያደርጋል፣ አለርቱ (ይህን የሚያበስረው ድምፅና ጽሑፍ) ግን ቆይቶ ነው የሚጮኸው። ምስጋናውም አብሮ ይዘገያል። ሰውየው «አላዩኝም» ብሎ ወጥቶ ይሄዳል። ችግሩ እውነተኛ ነው፤ የሰዎችን ስልክ ሳስተካክል ሁልጊዜ ያጋጥመኛል። የሚያበሳጨኝ ለችግሩ የሚሰጠው መልስ ነው። አንዱ ከሌላው እየተቀበለ የሚያወራው ምክር አብዛኛው ስህተት ነው። ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ይጨርሳል፣ አለርቱ ግን ያው ነው።

«ኢንተርኔትህ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው»

ከሁሉም የሰለቸኝ ይሄ ነው። በቅርቡ አንዲት ላይቭ እየገባች የምትዘፍን ልጅ ደወለችልኝ። አለርቷ 14 ሰከንድ ይዘገያል። የነገሯትን ሰምታ የኢንተርኔት ፓኬጇን ከፍ አድርጋለች። በየወሩ እጥፍ ትከፍላለች። መዘግየቱ ግን አንድ ሰከንድ እንኳ አልቀነሰም። ሊቀንስም አይችልም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጊፍት ሲላክ ወደ ስልካችሁ የሚመጣው አጭር የጽሑፍ መልእክት ነው። እገሌ ላከ፣ የላከው ይህንን ነው፣ ብዛቱ ይህን ያህል ነው፤ በቃ። ክብደቱ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት ኪሎባይት አያልፍም። የድምፁ ፋይል ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀድሞ ወርዶ ስልኩ ላይ ይጠብቃል። በሌላ በኩል ስልካችሁ በ720ፒ ጥራት ላይቭ ሲያስተላልፍ በሰከንድ 3 ሜጋቢት አካባቢ ይልካል። ያ ማለት በየሰከንዱ 375 ኪሎባይት ነው። ይህን ሁሉ ቪዲዮ ሳይንገዳገድ የሚያወጣ መስመር ያቺን ቅንጣት መልእክት መቀበል አያቅተውም።

ታዲያ 14ቱ ሰከንድ ከየት መጣ? እንዴት እንደለካችው ጠየቅኳት። ሁለተኛ ስልክ ላይ የራሷን ላይቭ ከፍታ፣ እሱን እያዳመጠች ነው የለካችው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። መዘግየቱ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። አንደኛው ጊፍቱ ከተላከበት ቅጽበት እናንተ ስልክ ላይ አለርቱ እስኪጮህ ያለው ነው። ሁለተኛው እናንተ ጋ የጮኸው ድምፅ ተመልካቹ ጆሮ እስኪደርስ ያለው ነው። የልጅቷ የመጀመሪያው መዘግየት ሲለካ ከአንድ ሰከንድ በታች ነበር። አለርቷ ጤነኛ ነው። የዘገየው ላይቩ በሙሉ ነው፤ ፊቷም፣ ዘፈኗም፣ አለርቱም አብረው።

ይህ ሁለተኛው መዘግየት ከአሠራሩ የሚመጣ ነው። ቪዲዮው ሰርቨር ከደረሰ በኋላ ለየጥራቱ እንደገና ይዘጋጃል፤ ከዚያ ወደ ትንንሽ ቁራጭ ይከፋፈላል። ኤችኤልኤስ በሚባለው የተለመደ አሠራር አፕል መጀመሪያ የመከረው የቁራጭ ርዝመት 10 ሰከንድ ነበር። በኋላ ወደ 6 አወረደው። የተመልካቹ ስልክ ደግሞ በተለመደው አሠራር ሦስት ያህል ቁራጭ ሳያጠራቅም ማጫወት አይጀምርም። 6 በ3 ሲባዛ 18 ሰከንድ ነው። የእናንተ ኢንተርኔት እጥፍ ቢፈጥንም ይህ ቁጥር ንቅንቅ አይልም።

እሱን የሚቀንሰው የፕላትፎርሙ ሴቲንግ ነው። ዩቲዩብ ሦስት ምርጫ ይሰጣል፤ መደበኛ፣ ዝቅተኛ እና እጅግ ዝቅተኛ መዘግየት። ትዊችም ዝቅተኛ መዘግየት የሚል ምርጫ አለው። እሱን አብሩት። የምትጠቀሙበት አፕ ኪፍሬም ኢንተርቫል (ሙሉ ምስል የያዙ ፍሬሞች የሚራራቁበት ጊዜ) የሚል ሴቲንግ ካለው 2 ሰከንድ አድርጉት። ቪዲዮው በንጽህና ሊቆረጥ የሚችለው ኪፍሬም ላይ ነውና፣ ኪፍሬሞቹ ከተራራቁ ቁራጩም ይረዝማል። ይህ ሁሉ ግን ዋጋ አለው። ተመልካቹ ያጠራቀመው ቪዲዮ ሲያንስ፣ መስመሩ ትንሽ ሲናወጥ ምስሉ ቶሎ ቀጥ ይላል። ከተመልካች ጋር እያወራችሁ ከሆነ ዝቅተኛውን ምረጡ። ሰው ዝም ብሎ የሚያየው ዝግጅት ከሆነ መደበኛው ይሻላል።

ኢንተርኔት ጨርሶ አያገባውም እያልኩ አይደለም። የሚያገባው ግን ሰው በሚያስበው በኩል አይደለም። አፕሎዳችሁ (ከስልካችሁ ወደ ውጭ የምትልኩበት ፍጥነት) ሲለካ 4 ሜጋቢት ሆኖ አራቱንም ለቪዲዮ ከሰጣችሁት መስመሩ ላይ ወረፋ ይፈጠራል። ፒንጉ (መልእክት ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ) ከጥቂት አሥር ሚሊሰከንድ ወደ ብዙ መቶ ይዘላል። ያኔ አለርቱም ቪዲዮውም ይንተባተባሉ። ከለካችሁት አፕሎድ ከ60 እስከ 70 በመቶውን ብቻ ተጠቀሙ። 4 ሜጋቢት ካላችሁ ቢትሬቱን (ቪዲዮው በሰከንድ የሚወስደውን መጠን) 2.5 አድርጉት። ይህ ምንም ክፍያ አይጠይቅም። ሌላ ፓኬጅ ከመግዛታችሁ በፊት ይህን ሞክሩ፣ እለምናችኋለሁ።

«አለርቱ ይዘገያል»፤ አይ፣ ወረፋ ይዞ ነው

አንድ ጌም የሚጫወት ልጅ አለርቱ አንዳንዴ ወዲያው፣ አንዳንዴ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ይጮህበታል። ስልኩ ተበላሽቷል ብሎ አዲስ ሊገዛ ነበር። ሴቲንጉን ከፈትኩት። እያንዳንዱ አለርት 8 ሰከንድ እንዲቆይ ተደርጓል። አለርቶች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በየተራ ነው የሚጮኹት። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ጊፍት ከላከ አሥረኛው ዘጠኙን መጠበቅ አለበት። ዘጠኝ ጊዜ 8 ሰከንድ፣ 72 ሰከንድ። ስልኩ ምንም አልሆነም።

የአንዱን አለርት ቆይታ ወደ 3 ሰከንድ አወረድነው። ለትንንሽ ጊፍት ድምፁን አጥፍተን ጽሑፍ ብቻ አስቀረን። መልእክት ጮክ ብሎ የሚያነበውን የኮምፒውተር ድምፅ ከተወሰነ መጠን በላይ ለሆነ ጊፍት ብቻ አደረግነው። እሱ አንድ ረጅም መልእክት ሲያነብ ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማልና። በዚያው ምሽት ችግሩ ተፈታ። አዲስ ስልክ አልገዛም።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ብዙ የአለርት አገልግሎቶች ላይ ሆን ብሎ ማዘግየት የሚያስችል ሴቲንግ አለ። ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን እዩ። የሌላ ሰው ሴቲንግ ኮፒ አድርገው ሳያውቁት 10 ሰከንድ ተሞልቶ ያገኘሁባቸው አሉ። ሁለተኛ፣ ቲክቶክ ላይ ተመልካች አንዱን ጊፍት ደጋግሞ ሲነካ እንደ አንድ ተከታታይ ጊፍት ይቆጠራል። ብዙ የአለርት መሣሪያዎች ተከታታዩ እስኪያልቅ ጠብቀው ነው አንድ ጊዜ የሚጮኹት። ሰውየው ለ20 ሰከንድ ከነካ አለርቱም 20 ሰከንድ ይጠብቃል። ይህ ብልሽት አይደለም። ከፈለጋችሁ መሣሪያው ከመጀመሪያው ንክኪ እንዲጮህ የሚያደርግ ምርጫ እንዳለው ፈልጉ።

«ኤምፒ3 ስለሚከብድ ወደ ዌቭ ቀይረው»

የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱም የድምፅ ፋይል ዓይነቶች ናቸው፤ ዌቭ ያልተጨመቀው፣ ኤምፒ3 የተጨመቀው። 5 ሰከንድ የሚረዝም ስቴሪዮ ዌቭ ፋይል 880 ኪሎባይት አካባቢ ይመዝናል። በ128 ኪሎቢት የተቀመጠ ኤምፒ3 ለዚያው 5 ሰከንድ 80 ኪሎባይት ነው። ኤምፒ3 በአሠራሩ ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ዝምታ ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው፤ ግን 25 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ያንን የሚለይ ጆሮ የለም።

ጥፋተኛው ሌላ ዝምታ ነው። ከኢንተርኔት የሚወርዱ አጫጭር ድምፆች ብዙዎቹ መጀመሪያቸው ባዶ ነው። አንድ ጊዜ ግማሽ ቀን ሙሉ ሴቲንግ ስነካካ ቆይቼ፣ በመጨረሻ ፋይሉን በድምፅ ኤዲተር ስከፍተው መጀመሪያው ላይ ወደ አንድ ሰከንድ የሚጠጋ ዝምታ አገኘሁ። ቆረጥኩት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ፋይሉን እንዲልክልኝ ነው። እናንተም ከዚህ ጀምሩ። የሞገዱ ምስል ከግራ ጠርዝ ላይ መጀመር አለበት።

«ስፒከሩን ከፍ አድርገው፣ ማይኩ ይይዘዋል»

ይህን አታድርጉ። ስልካችሁ ከራሱ ስፒከር የወጣውን ድምፅ ማሚቶ ነው ብሎ እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነው። ጩኸት መቀነሻውም እንደዚያው ያፍነዋል። አለርቱ መጀመሪያው ይቆረጥና መሃሉ ላይ ብቅ ይላል። ተመልካቹ የዘገየ ይመስለዋል። የስልኩን የውስጥ ድምፅ በቀጥታ መቅዳት ይቻላል፤ አንድሮይድ 10 ከወጣበት ከ2019 ጀምሮ አፖች ይህን ማድረግ ይችላሉ። የላይቭ አፓችሁ ላይ የውስጥ ድምፅ የሚለውን አብሩት። ከዚያ የተሻለው ደግሞ አለርቱን የላይቭ አፑ ውስጥ እንደ ብሮውዘር ኦቨርሌይ (ቪዲዮው ላይ እንደሚደረብ ድረ ገጽ) ማስገባት ነው።

«ብሉቱዝ ማዳመጫ ላይቩን ያዘገየዋል»

ግማሹ ልክ ነው። በተለመደው ብሉቱዝ ድምፅ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይዘገያል። የሚዘገየው ግን ለእናንተ ጆሮ ነው። የውስጥ ድምፅ የምትቀዱ ከሆነ ለተመልካቹ የሚሄደው በሌላ መንገድ ነው። ሙዚቃ እየሰማችሁ የምትዘፍኑ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ ዘፈናችሁ ከሙዚቃው ኋላ ይቀራል። የብሉቱዙን ማይክ ስትከፍቱ ደግሞ ድምፁ ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል። ባለ ገመድ ማዳመጫ ይህን ሁሉ ይፈታል።

«ሁሉንም አፕ ዝጋ»

ይህን ምክር የሰሙ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ? አለርቱን የሚያመጣውን አፕ ራሱን ይዘጉታል። ከዚያ አለርቱ ጭራሽ ጠፋ ብለው ይደውላሉ። ማድረግ ያለባችሁ ተቃራኒውን ነው። በባትሪ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የላይቭ አፑንና የአለርቱን አፕ ገደብ የለሽ አድርጓቸው። አንድሮይድ፣ በተለይም አንዳንድ የስልክ አምራቾች የጨመሩት ባትሪ ቆጣቢ፣ ከጀርባ ያለ አፕን ያስተኛል። አይፎን ከዚህም ይጠነክራል፤ ከፊት ያልሆነን አፕ ብዙም ሳይቆይ ያቆመዋል። አይፎን ላይ የአለርቱን ገጽ በሌላ አፕ ከፍቶ ወደ ላይቩ መመለስ አያዋጣም። ወይ እዚያው የላይቭ አፑ ውስጥ ይግባ፣ ወይ ሌላ ስልክ ላይ ይከፈት።

ቀሪዎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፋቸው። ካሽ (ስልኩ ለጊዜው ያስቀመጣቸውን ፋይሎች) ማጥፋት መዘግየትን አይቀንስም፤ እንዲያውም የድምፅ ፋይሎቹ እንደገና እንዲወርዱ ያደርጋል። ቪፒኤን መንገዱን አብዛኛውን ጊዜ ያስረዝመዋል። ሲንክ ኦፍሴት የሚባለው የማይክን ድምፅ ከምስል ጋር ማስተካከያ ነው፤ የዘገየ አለርት አያፈጥንም። ተጨማሪ ራም ያለው ስልክ መግዛት ወረፋውን አያሳጥርም።

ሙቀት ግን እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ይንቀዋል። ስልክ ሲግል ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከዚያ ቪዲዮውም አለርቱም ይጎተታሉ። መጀመሪያ ደህና ሆኖ ከግማሽ ሰዓት በኋላ የሚዘገይ ከሆነ እሱን ጠርጥሩ። ከቨሩን አውልቁ፣ ፀሐይ ላይ አታስቀምጡት፣ 1080ፒ በ60 ፍሬም የነበረውን 720ፒ በ30 አድርጉት።

ምኑ እንደዘገየ ለማወቅ አሥር ደቂቃ ይበቃል። የአለርት አገልግሎቱ ላይ የሙከራ አለርት መላኪያ ቁልፍ አለ። በሌላ ስልክ በ60 ፍሬም እየቀረጻችሁ ንኩት። ጣት ከነካበት ፍሬም ድምፅ እስከተሰማበት ቁጠሩ፤ አንዱ ፍሬም 17 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው። ከዚያ ጓደኛችሁ እውነተኛ ትንሽ ጊፍት እንዲልክ አድርጉና የላከበትን ቅጽበት በስልክ ይንገራችሁ። የሙከራው ፈጥኖ የእውነተኛው ከዘገየ ችግሩ ከስልካችሁ በፊት ነው፤ ክፍያ ማረጋገጫው፣ ተከታታይ ጊፍቱ ወይም ወረፋው ላይ ፈልጉት። ሁለቱም ከዘገዩ የድምፅ ፋይሉን፣ የባትሪ ሴቲንጉንና ሙቀቱን እዩ። ሁለቱም ፈጥነው ተመልካቹ ብቻ ዘግይቶ ከሰማ አለርቱን አትንኩት፤ የፕላትፎርሙን የመዘግየት ሴቲንግ ክፈቱ። ያቺ ዘፋኝ ልጅ ያደረገችው ይህንን ነው። 14ቱ ሰከንድ ወደ 5 ወረደ፣ ፓኬጇንም ወደ ድሮው መለሰችው።