ኮንቲኒዩቲ ምንድን ነው? ወይም ማኪያቶውን ማን ጠጣው?

ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ፣ አንድ ካፌ። ሰውዬው ጥቁር ጃኬት ለብሷል፣ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎታል። ጠረጴዛው ላይ ቡናማ ፖስታ አለ። ማኪያቶው እስከ አፉ ሞልቷል። ካት፣ ማለትም ምስሉ ይቀየራል። ሌላ ሰው መጥቶ ፊት ለፊቱ ይቀመጣል። ካት። ማኪያቶው ግማሽ ደርሷል። ካት። እንደገና ሞልቷል፤ አረፋው እንኳ አልተነካም።

የቀረጹት ተማሪዎች ናቸው። የሁለት ደቂቃ የወንጀል ፊልም መክፈቻ ሠርታችሁ አምጡ ተብለው ነው። ሙሉ ፊልም አይደለም፣ መክፈቻው ብቻ። እኔ የምተዳደረው የሰርግ ቪዲዮ ኤዲት በማድረግ ነው። ዳይሬክተሯ የእህቴ ልጅ ስለሆነች አራቱም ላፕቶፕ ይዘው ቤቴ መጡ።

"ጋሼ፣ እስቲ እየው። የሆነ ነገር ይቆረቁራል፣ ግን ምን እንደሆነ አልያዝነውም።"

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ ከሶፋው ላይ ቀደመችኝ። "መርዝ ጨምረውበት ነው እንዴ የቀየሩለት?"

ልጆቹ ተያዩ። መርዝ የሚባል ነገር ስክሪፕቱ ውስጥ የለም።

የጎደለው ነገር ስም ኮንቲኒዩቲ ነው። በአማርኛ ቀጣይነት ብንለው ያስኬዳል፤ ቀረጻ ላይ ግን እንዲህ የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ሁሉም ኮንቲኒዩቲ ነው የሚለው። በተለያየ ሰዓት፣ ከተለያየ አቅጣጫ፣ አንዳንዴም በተለያየ ቀን የተቀረጹ ሾቶች (ካሜራው ሳይቋረጥ የቀረጻቸው ቁርጥራጮች) ሲቀጠሉ ሳይቋረጥ የተካሄደ አንድ ድርጊት መስለው እንዲታዩ ማድረግ ማለት ነው። ተመልካቹ ሰውዬው ካፌ ውስጥ አምስት ደቂቃ እንደቆየ ያምናል። ልጆቹ ግን ያንን አምስት ደቂቃ ለመቅረጽ ሁለት ቀን ፈጅቶባቸዋል።

ፊልም በታሪኩ ቅደም ተከተል አይቀረጽም። ካሜራውን አንድ ቦታ ከተከሉ በኋላ ከዚያ አቅጣጫ የሚታየውን ሁሉ ቀርጾ መጨረስ ይቀላል። ስለዚህ ታሪኩ ውስጥ አንደኛ፣ አራተኛና ዘጠነኛ የሆኑት ሾቶች ተከታትለው ይቀረጻሉ። ሁለተኛውና አምስተኛው ከሰዓት በኋላ። በዚህ መሃል ተዋናዩ ሰው ነውና ማኪያቶውን ይጠጣል። አስተናጋጇ ታነሳለች። አዲስ ይታዘዛል። ኤዲቲንግ ላይ ሁሉም ወደየቦታው ሲመለስ ስኒው ይሞላል፣ ይጎድላል፣ ይሞላል።

ሰርግ ላይ ይሄ ብዙም አያስጨንቀኝም። ኬኩ ተቆርሶ ከታየ በኋላ ሙሉ ኬክ ብልጭ ቢል እልልታው ይሸፍነዋል። ማንም ሰው ሰርግ ሲያይ ወንጀለኛ አይፈልግም።

የወንጀል ፊልም ተመልካች ግን ከመጀመሪያዋ ሰከንድ ጀምሮ መርማሪ ነው። ማነው? ምን ደበቀ? ሰዓቱን ለምን አየ? ዓይኑ ማስረጃ ለቀማ ላይ ነው። ስለዚህ እናንተ በስህተት የተዋችሁት ነገር ለእሱ ስህተት አይደለም፣ ፍንጭ ነው። እናቴ "ተሳስታችኋል" አላለችም። ስኒው የተለዋወጠበትን ምክንያት ፈለገች፣ ከራሷም መርዝ አመጣች። በፍቅር ፊልም ውስጥ ያው ስኒ ቢለዋወጥ ኖሮ ልብም አትለው።

የሚገርመው ልጆቹ ጥናታቸውን በደንብ ሠርተዋል። ብዙ የወንጀል ፊልም መክፈቻ አይተው ደብተር ሞልተዋል። ገዳዩ ፊቱ አይታይም፣ እጁ ብቻ ነው የሚታየው። ካሜራው ዕቃ ላይ ይጠጋል፦ ቁልፍ፣ ስልክ፣ ሲጋራ፣ ፖስታ። ትክክል ነው። መዘዙ ግን እዚያው ላይ ነው። ዕቃ ላይ በክሎዝ አፕ በተጠጋችሁ ቁጥር የኮንቲኒዩቲ ስህተቱም አብሮ ይተልቃል። ከሩቅ ቢሆን ስኒው ሙሉ ይሁን ባዶ ማን ያየዋል?

ትልልቅ ቀረጻዎች ላይ ይሄን የሚጠብቅ ሰው አለ፣ ስክሪፕት ሱፐርቫይዘር ይባላል። ተዋናዩ በየትኛው እጁ እንዳነሳ፣ የትኛው ቃል ላይ እንደጠጣ፣ ዚፑ እስከ የት እንደተዘጋ ይጽፋል። ድሮ ወዲያው የሚታጠብ የፖላሮይድ ፎቶ ያነሱ ነበር፤ ዛሬ ስልክ ይበቃል። ለተማሪ ቡድን የምመክረው አንድ ነገር ነው፦ ሥራው የአንድ ሰው ይሁን። "ሁላችንም እናያለን" ከተባለ ማንም አያይም። ያ ሰው ከእያንዳንዱ ሾት በኋላ፣ ዕቃ ከመነሳቱ በፊት፣ ጠረጴዛውንና ተዋናዩን ፎቶ ያንሳ። በቃ።

ፎቶ የማይመልሰው ግን ፀሐይ ነው። ከተማችን ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ጠዋት ጥላ ወደ ሐይቁ ይወድቃል። ማታ ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ ስትጠልቅ ጥላው ዞሮ ወደ ከተማው ይሆናል። ልጆቹ አንደኛውን ሰውዬ ጠዋት፣ ሁለተኛውን አመሻሽ ላይ ቀርጸዋቸዋል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች ጥላቸው በተቃራኒ አቅጣጫ ተኝቷል። "ሁለቱንም ማታ ብንቀርጽስ?" አለ ካሜራ የያዘው ልጅ። ይቻላል፣ ግን እኛ አገር ማታ ቶሎ ነው የሚጨልመው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የሚቀረው ደህና ብርሃን ወደ 20 ደቂቃ ነው። ሦስት ሾት ሳትጨርሱ ይሄድባችኋል። ጥላ ውስጥ፣ በረንዳ ስር መቅረጽ ይሻላል።

ሌላው የኮንቲኒዩቲ ዘርፍ አቅጣጫ ነው። የ180 ዲግሪ ሕግ ይሉታል፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ኳስ የሚያይ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጨዋታ በቲቪ ሲተላለፍ ዋናዎቹ ካሜራዎች በአንድ ወገን ናቸው። ለዚህ ነው ሐዋሳ ከተማ ወደ ቀኝ እያጠቃ ከሆነ ካሜራ ቢቀየርም ወደ ቀኝ የሚያጠቃው። ከማዶ የተቀረጸ ምስል ድንገት ቢገባ ተጫዋቹ ወደ ራሱ ጎል የሚሮጥ ይመስላል። ምስሉ ተደግሞ ሲታይ "ሪቨርስ አንግል" (ከተቃራኒ አቅጣጫ) የሚል ጽሑፍ የሚያወጡት ላለማደናገር ነው። በሁለቱ ሰዎች መሃል መስመር ተሰምሯል በሉ፤ ካሜራው ከመስመሩ አንድ ወገን አይውጣ። የሚያሳድድ ባጃጅም በስክሪኑ ቀኝ ከወጣ በሚቀጥለው ሾት ከግራ ይግባ። ከቀኝ ከገባ ሐሳቡን ቀይሮ የተመለሰ ነው የሚመስለው።

ድምፅም አለ። አንደኛው ሾት ላይ ከጎረቤት ዘፈን ይሰማል፣ ካት ሲደረግ ቀጥ ይላል፣ ሦስተኛው ላይ ሌላ ዘፈን መሃሉ ላይ ይጀምራል። ይሄ ከስኒው ይብሳል። ጆሮ አይታለልም። ሙዚቃውን ለምነው ያስዘጉ። ከዚያ ሁሉም ዝም ብሎ ቆሞ የካፌውን ባዶ ድምፅ አንድ ደቂቃ ያህል ይቅረጹ፤ ኤዲቲንግ ላይ ከሾቶቹ ስር ሲነጠፍ ስፌቱን ይደብቃል።

ይህን ሁሉ ስል ልጆቹ ይጽፋሉ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሌላ ችግር መጣ። ተዋናዩ ፖስታውን ወደ ራሱ የሚስብበት ሾት አምስት ጊዜ ተቀርጿል። ሦስተኛው ላይ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ፊቱም የምር ፈርቷል። ያምራል። እጅጌው ግን ተሰብስቧል፣ ከሱ በፊት ባለው ሾት ደግሞ አልተሰበሰበም። የእህቴ ልጅ ልትጥለው ነው።

"እንዳትነኪው!" አልኳት።

ዋልተር መርች የሚባል ታዋቂ አሜሪካዊ ኤዲተር አለ። ካት ሲያደርግ የሚያያቸውን ስድስት ነገሮች በመቶኛ አስቀምጧል። ስሜት 51፣ ታሪክ 23። ሰዎቹና ዕቃዎቹ በቦታው ውስጥ የት እንዳሉ የሚጠብቀው ኮንቲኒዩቲ ግን መጨረሻ ላይ ነው፣ 4 ብቻ። ቁጥሩ የፋርማሲ ሚዛን አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ግን እውነት ነው። ተመልካች ፊት እያየ ከሆነ እጅጌ አያይም። ስኒው የታየው ትኩረት የሚስብ ሌላ ነገር ስላልነበረ ነው።

ኮንቲኒዩቲን አውቆ የሚያፈርስም አለ። የፊልም ዳይሬክተሩ ዣን ሉክ ጎዳር በ1960 እ.ኤ.አ. ባወጣው የወንጀል ፊልም ውስጥ መኪና ውስጥ የተቀመጠች ሴት ከኋላ ትታያለች። ካት በተደረገ ቁጥር ጎዳናው ይለወጣል፣ እሷ ግን እዚያው ናት። ጃምፕ ካት ይባላል። ተማሪዎች ይወዱታል፤ አንዳንዴ እንደ ዘይቤ፣ ብዙ ጊዜ ግን እንደ ሰበብ። ልዩነቱ ደጋግሞ በማድረግ ነው። አንዴ ብቻ ከዘለለ ስህተት ነው።

ወደ ማኪያቶው እንመለስ። ድጋሚ ለመቅረጽ ጊዜ የለም፣ ማስረከቢያው ነገ ነው። ሁለት መላ ነበረን። አንዱ እንቅስቃሴ ላይ መቁረጥ ነው፦ እጁ ወደ ስኒው መዘርጋት ሲጀምር ካት፣ ሌላው ሾት እጁ መንገድ ላይ እያለ ይጀምር። ዓይን እጁን ሲከተል ስኒውን ይረሳል። ይሄ አንዱን ቦታ አዳነልን። ሌላው ቦታ ላይ ግን እጅ የሚባል ነገር የለም። ሙሉ ስኒና ግማሽ ስኒ፣ ፊት ለፊት።

"ሌላ ምን ቀርጻችኋል?" አልኳቸው።

ካሜራ የያዘው ልጅ አፈር እያለ አንድ ፋይል ከፈተ። ጠዋት አሞራ ገደል፣ አሳ ገበያው አጠገብ ለራሱ ብሎ የቀረጸው ነው። አባ ኮዳ፣ ትልቁ ወፍ። ራሰ በራ፣ ትከሻው የተሰበሰበ፣ ካፖርት እንደለበሰ ቀብር አስፈጻሚ ቆሞ ካሜራውን ያያል። አይንቀሳቀስም። አንዴ ብቻ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል።

ሁለተኛው መላ ይሄ ሆነ፦ በሁለቱ ስኒዎች መሃል አስገባነው፣ ሦስት ሰከንድ። ወፉን ካየን በኋላ ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ ጊዜ ያለፈ ይመስላል፤ ስኒው ቢጎድል ተጠጥቶ ነው። ከሱ በኋላ የሚመጣውን ሙሉ ስኒ ደግሞ ምስሉን አጉልተን ከፍሬሙ አስወጣነው። የካፌውን ድምፅ ከወፉ ስር ሳይቋረጥ አስኬድነው።

ከዚያ እናቴን ጠርተን ከመጀመሪያው አሳየናት። ስለ ማኪያቶው ትንፍሽ አላለችም። ሲያልቅ መነጽሯን አወለቀች።

"ይሄ አባ ኮዳ ግን አንድ ነገር አይቷል" አለች።