«ሥራ መጋራት» ማለት ምን ማለት ነው?

ጅማ ውስጥ ያለ አንድ የቡና ማበጠሪያ ቤት ገበያ ቀዝቅዞበት ከ12 ሠራተኞቹ 2ቱን ከማሰናበት ይልቅ፣ ሁሉም ከሳምንቱ 6 የሥራ ቀናት አንዱን ቀን እንዲያርፉ ቢያደርግ የሚቀነሰው የሥራ መጠን እኩል ነው፤ ሥራ መጋራት የሚባለውም ይኸው ነው። ግራ የሚያጋባው ሠራተኛው የሚያርፍበት ቀን ደመወዝ ነው። በጀርመን ለምሳሌ ሠራተኛው ካጣው የተጣራ ደመወዝ 60 በመቶው፣ ልጅ ካለው ደግሞ 67 በመቶው የሚተካለት አሠሪዎችና ሠራተኞች በደጉ ጊዜ ባዋጡት የሥራ አጥነት መድን ነው (መርሃ ግብሩን ደግፎ የያዘውም፣ በእኔ እይታ፣ ይህ መዋጮ ነው)። በኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የተደነገገው የሥራ ውል እገዳ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ ውሉ ሳይፈርስ ሥራውም፣ በመርህ ደረጃ፣ ደመወዙም ለጊዜው ይቋረጣሉ።