ማስ ባላንስ ምንድን ነው? በእጅ የተሠራ አውሮፕላን ላይ እርሳስ ለምን ይጫናል?

አውሮፕላን በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሰዎች ከክብደት ጋር ሁሌ ጠብ ላይ ናቸው። አንድ ቡሎን ቢያጥር ወይም አንድ ላሜራ ቢሳሳ ደስ ይላቸዋል። ሥራው ሊያልቅ ሲል ግን እነዚሁ ሰዎች እርሳስ ያቀልጡና መሪ ክፍሎቹ ላይ ያስሩታል። ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል። ይህ እርሳስ ማስ ባላንስ ይባላል። እሱን የማይፈልጉ ዝግ ብለው የሚበሩ ቀላል አውሮፕላኖች አሉ። ፈጠን ያለ አውሮፕላን ግን ያለ እሱ ክንፉ ወይም ጭራው ሊበጠስ ይችላል።

መሪ ክፍሎች የምንላቸው ሦስት ናቸው። ኤሌሮን በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ሆኖ አውሮፕላኑን ወደ ጎን ያጋድላል። ኤሌቬተር አግድም ጭራው ላይ ነው፤ አፍንጫውን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ረደር ደግሞ በቆመው ጭራ ላይ ሆኖ አፍንጫውን ግራና ቀኝ ያዞራል። ሦስቱም በማጠፊያ የተያዙ ናቸው። ማጠፊያው ወደ ፊት ጠርዛቸው ስለሚጠጋ አብዛኛው ክብደታቸው ከማጠፊያው ኋላ ይውላል። ማስ ባላንስ ማለት ከማጠፊያው ፊት ክብደት ጨምሮ የክፍሉን የክብደት ማዕከል ወደ ማጠፊያው መስመር፣ አንዳንዴም ከዚያ ትንሽ አልፎ ወደፊት፣ ማምጣት ነው።

ለምን? ክንፉን አንድ የአየር ግፊት መታውና ወደ ላይ ታጠፈ እንበል። ኋላው የከበደ ኤሌሮን ወዲያው አይከተለውም። ክንፉ ሲነሳ የኤሌሮኑ የኋላ ጠርዝ ወደ ታች ይቀራል። ወደ ታች የወረደ ኤሌሮን ደግሞ ሥራው ክንፍ ማንሳት ነው። ስለዚህ እየተነሳ ያለውን ክንፍ ይብሱን ይገፋዋል። ክንፉ ታጥፎ ታጥፎ ሲመለስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤሌሮኑ አሁን ላይ ይቀርና ክንፉን ወደ ታች ይጫነዋል። ዥዋዥዌን በትክክለኛው ቅጽበት ትንሽ ትንሽ እንደ መግፋት ነው። እዚህ የሚገፋው የሚያልፈው አየር ነው፤ አየሩ ደግሞ አይደክመውም።

ይህ መርገብገብ ፍላተር ይባላል። ፍጥነቱ ከተወሰነ ልክ በታች እስከሆነ ድረስ አየሩ ራሱ ንዝረቱን ያበርደዋል። ልኩ ሲታለፍ ግን እያንዳንዱ ንዝረት ከቀደመው እየበለጠ ይሄዳል። ሁሉም ነገር በጥቂት ሰከንዶች ሊያልቅ ይችላል። የክብደት ማዕከሉ ማጠፊያው ላይ ሲሆን ግን ኤሌሮኑ ከክንፉ ጋር አብሮ ይነሳል፣ አብሮ ይወርዳል። ያ መገፋፋት ከሥሩ ይቋረጣል።

ነገሩ የታወቀው በአደጋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916 ሃንድሊ ፔጅ የተባለው ኩባንያ የሠራው የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ጭራው በኃይል ይንቀጠቀጥ ነበር። የግራውና የቀኙ ኤሌቬተር በጠንካራ ነገር ስላልተያያዙ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርድ ነበር። ላንቸስተር የተባለው መሐንዲስ ሁለቱ በአንድ ጠንካራ ቱቦ እንዲያያዙ መከረ። ክብደትን ከማጠፊያው ፊት ማስቀመጥ መፍትሔ መሆኑን ያሳዩት ደግሞ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ኔዘርላንዳውያኑ ፎን ባውምሃወርና ኮኒንግ ናቸው።

ወደ ወርክሾፑ እንግባ። ልኬቱ ቀላል ነው፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ክፍሉን ከአውሮፕላኑ ፈትተህ በራሱ ማጠፊያ ቀዳዳዎች በኩል ታንጠለጥለዋለህ። የምታንጠለጥልበት ነገር ሰበቃ የሌለው መሆን አለበት፤ በነፃ የሚሽከረከር ኩሽኔታ ወይም ስል ጠርዝ ይሆናል። የተጨናነቀ ማጠፊያ ይዋሻል። ክፍሉን አግድም አድርገህ የኋላ ጠርዙን ሚዛን ላይ ታሳርፋለህ። ሚዛኑ 300 ግራም አነበበ እንበል፤ ያረፈበት ነጥብ ደግሞ ከማጠፊያው 25 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ሁለቱ ሲባዙ 7,500 ይመጣል። እርሳሱን የምታስቀምጥበት ቦታ ከማጠፊያው ፊት 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ 7,500ን ለ6 ታካፍላለህ፤ 1,250 ግራም እርሳስ ያስፈልጋል ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ በላይ!

እዚህ ላይ ቁጣው ይመጣል። ኋላ ያለ ጥቂት ግራም ፊት ላይ ብዙ ግራም ያስከፍላል። ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ሠሪዎች የኋላ ጠርዙ ላይ ስስታም የሚሆኑት። ትርፍ ሙጫ፣ ትርፍ ስቱኮ፣ ወፍራም ቀለም ሁሉ ዕዳ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ ከማጠፊያው ኋላ በአማካይ 12 ሴንቲ ሜትር ላይ 40 ግራም ቀለም ቢጨመር ሌላ 80 ግራም እርሳስ ይጠይቃል። ጭራ ላይ ከሆነ ደግሞ የተጨመረው እርሳስ የመላውን አውሮፕላን የክብደት ማዕከል ወደ ኋላ ይጎትታል፤ አውሮፕላኑ እንደገና መመዘን አለበት።

በእኔ እይታ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀለም ላይ ነው። ሚዛኑ የሚለካው ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው፦ ቀለም ተቀብቶ፣ ትሪም ታብ (በክፍሉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለች ትንሽ ማስተካከያ ቅጠል) ካለ ተገጥሞ። ከዓመታት በኋላ አውሮፕላኑን ለማሳመር በአሮጌው ቀለም ላይ አዲስ የደረበ ሰው ሚዛኑን አፍርሶታል። ክፍሉ ውስጥ የሚጠራቀም ውኃም እንዲሁ ነው። ማፍሰሻ ቀዳዳው ከተደፈነ ውኃው ኋላ ይተኛል፤ ብርድ ላይ ደግሞ በረዶ ሆኖ እዚያው ይቀራል።

እርሳሱ የት ይቀመጥ የሚለው የነዳፊው ጉዳይ ነው። አንዳንድ ንድፍ በፊት ጠርዙ ርዝመት የብረት ቱቦ ያስገባል። ሌላው ጫፉ ላይ ወደፊት በወጣ ቀንድ ውስጥ አንድ ላይ ያከማቸዋል። ድምሩ አንድ ዓይነት ቢሆንም በንዝረት ጊዜ ሁለቱ አንድ ዓይነት አይሠሩም። ስለዚህ ፕላኑ ጫፍ ላይ ያለውን አንተ ወደ መሐል አታዛውረው። አያያዙም ቀልድ አይደለም። የአሜሪካ የአነስተኛ አውሮፕላኖች ደንብ ለረጅም ጊዜ የጠየቀው፣ የሚዛን ክብደቱ ማሰሪያ ከክፍሉ ገጽ ቀጥ ብሎ በሚመጣ አቅጣጫ የክብደቱን 24 እጥፍ፣ በሌሎቹ ሁለት አቅጣጫዎች ደግሞ 12 እጥፍ እንዲሸከም ነው። የተፈታ እርሳስ ጭራሽ እርሳስ ካለመኖሩ ይብሳል፤ ውስጥ ለውስጥ እየተንከባለለ መሪውን ሊቆልፍ ይችላል።

ኤሮዳይናሚክ ባላንስ የሚባል ሌላ ነገር አለ፤ አይምታታ። እሱ ከማጠፊያው ፊት የአየር ገጽ መጨመር ሲሆን ዓላማው አብራሪው መሪውን ለመግፋት የሚያወጣውን ጉልበት መቀነስ ነው። አንዱ ቀንድ ሁለቱንም ሥራ ሲሠራ ስለሚታይ ነው ሰው የሚቀላቅላቸው።

ሚዛን ብቻውን ግን ዋስትና አይሆንም። የመሪው ማያያዣ ከላላ ፍላተር ሌላ በር ያገኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2011 ኔቫዳ፣ ሬኖ ውስጥ በተካሄደ የአየር ውድድር አንድ ተሻሽሎ የተሠራ ፒ-51 (የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን) ወድቆ አብራሪው እና 10 ተመልካቾች ሞተዋል። የአሜሪካ መርማሪዎች መነሻው ያረጁ ዳዶዎች መሆናቸውን ደረሱበት። የኤሌቬተሩ ትሪም ታብ ብሎኖች ላሉ፣ ታቡ ጥንካሬውን አጣ፣ በውድድር ፍጥነት ፍላተር ያዘው።

ከፍታም አለ። ፍላተር ይበልጥ የሚከተለው አውሮፕላኑ በአየሩ ውስጥ የሚሄድበትን እውነተኛ ፍጥነት እንጂ የፍጥነት ጌጁ የሚያሳየውን አይደለም። 3,000 ሜትር ላይ እውነተኛው ፍጥነት ጌጁ ከሚያነበው በ16 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ጌጁ ላይ ያለችው ቀይ መስመር፣ ማለትም የማይታለፈው ፍጥነት ምልክት፣ ገና ናት ብሎ ከላይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ንድፉ የተፈተነበትን ልክ ሳያውቀው ሊያልፍ ይችላል።

በሙከራ በረራ ላይ መሪው መንዘር ከጀመረ ወዲያው ጋዝ ይቀነሳል፤ አፍንጫው ቀስ ተብሎ ከፍ ይደረጋል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል። ንዝረቱ ቢቆምም ወደ ማረፊያ ነው የሚኬደው። መሬት ላይ ማጠፊያዎቹ፣ ማያያዣዎቹና የእርሳሱ አያያዝ ይፈተሻሉ፤ ክፍሉም ወርዶ ሚዛኑ እንደገና ይለካል።