አንድ ሽታ፣ ሁለት ስም፦ ፌሮሞን እና ካይሮሞን

ፌሮሞን የሚባለው በአንድ ዝርያ አባላት መካከል መልእክት የሚያደርስ ሽታ ነው። ካይሮሞን ደግሞ ሌላ ዝርያ ጠልፎ ለራሱ ጥቅም የሚያውለው ሽታ ነው። ግራ የሚያጋባው አንዱ ኬሚካል ሁለቱንም ሊሆን መቻሉ ነው፤ ስሙን የሚወስነው ተቀባዩ እንጂ ኬሚካሉ አይደለም።

የተክል ጭማቂ የምትመጠውን ትንሽ ነፍሳት፣ ክሽክሽን፣ እንውሰድ። አዳኝ ሲይዛት ከጀርባዋ ጫፍ ካሉት ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ጠብታ ታወጣለች። በጠብታው ውስጥ ያለው ቤታ ፋርኔሲን የተባለ ሽታ ያለው ኬሚካል ጎረቤቶቿን ያስጠነቅቃል፤ እነርሱም አፋቸውን ከቅጠሉ ነቅለው ይበተናሉ። ያው ሽታ ክሽክሽ በል የሆነችውን ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ አንቴና ሲነካ ግን የምግብ ጥሪ ይሆናል። ለክሽክሽ ፌሮሞን፣ ለጥንዚዛዋ ካይሮሞን ማለት ይህ ነው።

ተክሉም ዝም አይልም፤ እኔን እጅግ የሚያስደንቀኝ ይህኛው ነው። የበቆሎ ቅጠል በምላጭ ሲቆረጥና በአባጨጓሬ ሲበላ ምላሹ አንድ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ተመራማሪዎች ከአባጨጓሬ አፍ ከሚወጣ ፈሳሽ ቮሊሲቲን የተባለ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። ይህ ፈሳሽ ቁስሉን ሲነካ ተክሉ ከሰዓታት በኋላ የተለየ የሽታ ቅልቅል ይለቃል። ጥቃቅን ተርቦች ሽታውን ተከትለው ይመጡና እንቁላላቸውን አባጨጓሬው ገላ ውስጥ ይጥላሉ፤ የሚፈለፈሉት እጮችም ከውስጥ ይበሉታል። እዚህ ላይ ላኪው ተክልም ተቀባይዋ ተርብም ስለሚጠቀሙ፣ ሽታው ሲኖሞን የሚል ሦስተኛ ስም አለው።