ፕሪንተር መጠገን የእኔ ሙያ አይደለም፦ ስለ ትምህርት ቴክኖሎጂና ስለ መምህራን ሙያ ማሻሻያ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐዋሳ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ሁለተኛ ዲግሪዬን የያዝኩት ደግሞ በክረምት መርሐ ግብር ተምሬ በትምህርት ቴክኖሎጂ ነው። ከተመረቅሁ ወዲህ በመምህራን ማረፊያ ክፍል፣ በወላጆች ስብሰባና በሥልጠና አዳራሽ የማይቀሩ ጥቂት አባባሎች አሉ፤ ተናጋሪው ይለዋወጣል እንጂ ቃሉ ያው ነው። በክፋት የሚናገራቸው የለም። ሆኖም ትምህርት ቤቶች ገንዘባቸውን በምን ላይ እንደሚያውሉ፣ መምህሩም ጊዜውን በምን እንደሚያጠፋ የሚወስኑት እነዚህ አባባሎች ስለሆኑ ሰምቶ ዝም ማለት ከብዶኛል።

«አንቺ ቴክኖሎጂ ተምረሽ የለ፣ እስኪ ፕሪንተሩን እዪልን»

ፕሪንተር የሚያየው የአይሲቲ ባለሙያ ነው፤ የተከበረ ሙያ ነው፣ ግን የእኔ አይደለም። እኛ የተማርነው፣ ተማሪው ከክፍለ ጊዜው በኋላ ምን ማድረግ መቻል እንዳለበት አስቀድሞ መወሰን፣ አሁን ምን እንደሚያውቅና ምን እንደሚስት መለየት፣ ከዚህ ወደዚያ የሚያደርሱትን ተግባራት በቅደም ተከተል መንደፍ፣ ለተግባራቱ የሚስማማ መርጃ መምረጥና በመጨረሻ ተማሪው መድረሱን መመዘን ነው። መርጃው ጠመኔም፣ ሬዲዮም፣ ኮምፒዩተርም ሊሆን ይችላል።

ሙያው ራሱ ኮምፒዩተር ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት የነበረ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር እጅግ ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ሲገደድ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችን አሰማራ፤ ኋላ ለትምህርት ንድፍ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ የሆነው ሮበርት ጋኜም በጦሩ ውስጥ በዚሁ ሙያ ሠርቷል። የሥነ ልቦና ባለሙያው ቢ. ኤፍ. ስኪነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሠራው የማስተማሪያ ማሽን ጥያቄ የተጻፈበት ወረቀት የገባበት ሳጥን ነበር፤ ተማሪው መልሱን ይጽፋል፣ ከዚያም ትክክለኛውን መልስ ገልጦ ከራሱ ጋር ያስተያያል። ዛሬ በየሥልጠናው የሚጠቀሱት አምስት ደረጃዎች፣ ማለትም ትንተና፣ ንድፍ፣ ዝግጅት፣ ትግበራና ግምገማ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ለጦሩ ከተዘጋጀ የሥልጠና ሞዴል የመጡ ናቸው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የማስተማሪያ መርጃ በሚዘጋጅበት ክፍል (ፔዳጎጂካል ማዕከል) ውስጥ ተቀምጣ በቆርኪና በገመድ መቁጠሪያ የምትሠራ መምህርት፣ ልጆቹ ከ10 በላይ ሲቆጥሩ የሚሳሳቱበትን ቦታ አውቃ ከሠራችው፣ የትምህርት ቴክኖሎጂ ባለሙያ የሚሠራውን ሥራ ሠርታለች።

«መሣሪያው ብቻ ይግባልን»

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህኛው ነው። ርዕሰ መምህራን ይሉታል፣ ወላጆች ይሉታል፣ ለጋሾችም ያምኑበታል፤ ፕሮጀክተሩ፣ ታብሌቱ ወይም ስማርት ቦርዱ ከገባ የትምህርቱ ጥራት ተከትሎ የሚመጣ ይመስላቸዋል። እምነቱ አዲስ አይደለም። ቶማስ ኤዲሰን እ.ኤ.አ. በ1913 መጽሐፍ በቅርቡ ከትምህርት ቤት እንደሚወጣና ተንቀሳቃሽ ፊልም እንደሚተካው ተናግሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ሬዲዮም፣ ቴሌቪዥንም፣ ኮምፒዩተርም እንዲሁ ተስፋ ተጥሎባቸዋል።

በእኛ አገር ትልቁ ማሳያ ፕላዝማ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ተሰቀለ፤ ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ተዘጋጅቶ በእንግሊዝኛ በሳተላይት ይሠራጭ ጀመር። ከ40 ደቂቃው ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን የሚወስደው ስርጭቱ ሲሆን ለመምህሩ በመግቢያና በማጠቃለያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይተርፈው ነበር። እኔ የፕላዝማ ተማሪ ነበርኩ። በስክሪኑ ላይ ያለችው መምህርት ጥያቄ ሰጥታ በደብተራችን እንድንሠራ ታዝዘናለች፤ ሰዓቱ ወደ ታች መቁጠር ይጀምራል፤ ብዙዎቻችን የጥያቄውን እንግሊዝኛ አንብበን ሳንጨርስ መልሱ ይመጣል። መምህራችን ከጎን ቆመው ግራ መጋባታችንን ያያሉ፤ ለማቆም ግን የሚጫኑት ነገር አልነበራቸውም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ትምህርቱ አልፎ ይገኛል፤ ወደ ኋላ መመለስም አይቻልም።

ስለ ፕላዝማ የሚከራከሩ ሰዎች አንዱ ወገን ቴክኖሎጂ ለእኛ አይሆንም ይላል፣ ሌላው መምህራን ስላልተቀበሉት ነው ይላል። ሁለቱም ነጥቡን ይስታሉ። በስክሪኑ ላይ የነበሩት ሥዕሎችና ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤት የታዩት ሙከራዎች ጥሩ ነበሩ፤ የከሸፈው ንድፉ ነው። ለመላው አገር አንድ ፍጥነት ተወሰነ፣ የተማሪው የቋንቋ ደረጃ ከግምት ሳይገባ ቀረ፣ ልጆቹን በዓይኑ የሚያየው ብቸኛ ሰው ማለትም መምህሩ የማቆም ሥልጣን አጣ። እነዚህ ሦስቱ አስቀድሞ በሚደረግ ትንተና የሚታዩ ነገሮች ነበሩ።

በሌላው ዓለምም ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። ፔሩ ለተማሪዎቿ ከ800 ሺህ በላይ አነስተኛ ላፕቶፖች ገዛች፤ የኢንተር አሜሪካ ልማት ባንክ ተመራማሪዎች በ319 ትምህርት ቤቶች ላይ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2012 ይፋ ባደረጉት ውጤት፣ ላፕቶፕ ባገኙትና ባላገኙት ተማሪዎች መካከል በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና የሚታይ ልዩነት አልተገኘም።

መሣሪያው አንድ ሆኖ ትምህርቱ የተለያየ እንደሚሆን ከራሴ ክፍል ላሳይ። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2002 በኖቤል ተሸላሚው ፊዚሲስት በካርል ዊማን የተጀመረ ፌት የሚባል ነጻ የሲሙሌሽን፣ ማለትም ሙከራን በኮምፒዩተር አስመስለው የሚያሳዩ ፕሮግራሞች፣ ስብስብ አለ፤ አንዴ ከወረደ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። በትምህርት ቤታችን እኔም ሌላ ባልደረባዬም የኤሌክትሪክ ሰርኪዩቱን ሲሙሌሽን ለ10ኛ ክፍል በአንድ ላፕቶፕና በአንድ ፕሮጀክተር እናሳያለን። እሱ ሰርኪዩቱን ሠርቶ፣ አብርቶ፣ አስረድቶ ሥዕሉን ያስገለብጣል። እኔ ሁለት ተመሳሳይ አምፖሎችን በተከታታይ አያይዤ ማብሪያውን ሳልነካ «የትኛው ይበልጥ ይበራል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ለመጀመሪያው አንድ ጣት፣ ለሁለተኛው ሁለት፣ እኩል ለሚለው ሦስት፤ የጓደኛቸውን እንዳይገለብጡ ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ያሳዩኛል። ከ60 በላይ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል አብዛኛው አንድ ጣት ነው። ከዚያ ከጎናቸው ካለው ልጅ ጋር እንዲከራከሩ እተዋቸዋለሁ። ባለፈው ዓመት ከኋላ የተቀመጠ አንድ ተማሪ «ቲቸር፣ ከባትሪው ቀድሞ የሚያገኘው እሱ ነው፤ የተረፈውን ነው ለሁለተኛው የሚያሳልፍለት» አለኝ። ማብሪያውን ስጫን ሁለቱም እኩል በሩ። ክፍሉ ተንጫጫ፤ አንዳንዶቹ ኮምፒዩተሩ ተሳስቷል አሉ። በማግስቱ ከገበያ የተገዙ ሁለት የባትሪ ድንጋዮች፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖሎችና ቁራጭ ሽቦ ይዤ ሄድኩ፤ ያ ተማሪ በገዛ እጁ አያይዞ አየው።

ያ ልጅ የነበረው ግምት፣ ከረንት በመንገዱ ላይ ይበላል የሚለው፣ በመላው ዓለም በፊዚክስ ተማሪዎች ዘንድ የታወቀ ስሕተት ነው። ተማሪው አስቀድሞ ሳይገምት መልሱን ካየ ስሕተቱ ሳይነካ አብሮት ወደ ሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። አስገምቶ፣ አከራክሮ፣ ከዚያ ማሳየት በሃርቫርድ ፊዚክስ የሚያስተምሩት ኤሪክ ማዙር እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ያስፋፉት ዘዴ ነው፤ መብራት በሌለበት ቀን በጠመኔና በጣት ይሠራል። ስለዚህ ዕቃ ሊገዙ ያሰቡ ርዕሳነ መምህራን ከዋጋው በፊት መጠየቅ ያለባቸው፣ በ40 ደቂቃው ውስጥ ተማሪው በዚህ ዕቃ ምን ያደርጋል የሚለውን ነው። መልሱ «ያያል» ብቻ ከሆነ ግዢው ይቆይ። መልስ ከተገኘ ደግሞ ለመለዋወጫ አምፖል፣ ለማራዘሚያ ገመድና ዕቃውን በየክፍሉ ይዞ ለሚዞር ሰው የሚሆን በጀት አብሮ ይያዝ፤ በቁልፍ ተዘግተው አቧራ የጠጡ ፕሮጀክተሮች ብዙዎቹ እዚያ የደረሱት በዚህ ጉድለት ነው።

«ሰው ካነበበው 10 በመቶ፣ ከሰማው 20 በመቶ፣ ከሠራው 90 በመቶ ያስታውሳል»

ይህ ሠንጠረዥ ያልታየበት የመምህራን ሥልጠና ያለ አይመስለኝም፤ ብዙ ጊዜም የአሜሪካዊው የትምህርት ምሁር የኤድጋር ዴል ነው ይባላል። ዴል እ.ኤ.አ. በ1946 ያወጣው የልምድ ሾጣጣ፣ የመማሪያ ልምዶችን ከተጨባጭ ወደ ረቂቅ የደረደረበት ሥዕል፣ አንድም መቶኛ የለውም፤ ቁጥሮቹን ሌሎች ናቸው የጨመሩበት፤ ከጀርባቸውም ጥናት አልተገኘም። ሰው የሚያስታውሰው ነገር በይዘቱ፣ በቀድሞ ዕውቀቱና በተጠየቀበት ጊዜ ስለሚለያይ እንዲህ ክብ ክብ ቁጥር ሊወጣ አይችልም።

«አንዳንዱ በማየት፣ አንዳንዱ በመስማት የሚማር ነው»

ተማሪን እንዲህ ከፍሎ ማስተማር ውጤት እንደሚያሻሽል በቂ ማስረጃ እንደሌለ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሰፊ የጥናቶች ግምገማ አሳይቷል። ካርታ ለሁሉም በማየት፣ የቃል አነባበብ ለሁሉም በመስማት ይማራል።

«የዛሬ ልጆች ከቴክኖሎጂ ጋር ነው የተወለዱት»

አሜሪካዊው ማርክ ፕሬንስኪ እ.ኤ.አ. በ2001 ያስተዋወቀው ሐሳብ ነው፤ በእኛ ከተማ ደግሞ ልጁ ቲክቶክ ላይ ጣቱ ሲፈጥን ያየ ወላጅ ሁሉ ይደግመዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በ2016 ዓ.ም. ለተወሰኑ ተፈታኞች በኮምፒዩተር ሲሰጥ፣ ለልምምድ ካስቀመጥናቸው ተማሪዎች መካከል በስልክ ከእኔ ፈጥነው የሚጽፉ ልጆች ማውሱን ሲይዙ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ወደ ቀደመው ጥያቄ መመለሻውን ሲያጡ አይቻለሁ። ስልክ መያዝ የሚያስተምረው ስልክ መያዝን ነው፤ የቀረው መማር አለበት፣ የሚያስተምርም ሰው ይፈልጋል።

«በቴሌግራም ልከንላቸዋል»

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በኮቪድ ምክንያት ሲዘጉ ቴሌግራም ያቅማችንን እንድንሠራ ረድቶናል። ዛሬም ግን የማስታወሻ ደብተር ፎቶ ወደ ግሩፕ መላክ የርቀት ትምህርት ተብሎ ይመዘገባል። ጥያቄ ያልቀረበበት፣ መልስ ያልታረመበት ፋይል የተላከ ፋይል ብቻ ነው፤ ስማርት ስልክ የሌለውን ልጅም እንደሌለ ይቆጥረዋል።

«ተሙማ ማለት ፋይል ነው»

የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ በተለምዶ ተሙማ የምንለው፣ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት እንዲሠራበት በአገር አቀፍ ማዕቀፍ የተደነገገ ነው። ማዕቀፉ ያስቀመጠው ዑደት ጤናማ ነው፦ ፍላጎትን መለየት፣ ማቀድ፣ መተግበር፣ መገምገም። በተግባር ግን የግምገማ ቡድን ሲመጣ የሚታየው ማህደረ ተግባሩ፣ ማለትም መምህሩ የሠራውን የሚያስቀምጥበት ፋይል፣ ነው፤ የሚታየውም ገጹና ማህተሙ ተቆጥሮ ነው። አንድ ጊዜ በእጄ የገባ ማህደር ዓመተ ምሕረቱ ብቻ በማጥፊያ ተለውጦ፣ «የተለየ ችግር» በሚለው ሥር የተጻፈው የሌላ የትምህርት ዓይነት ችግር ነበር፤ ፋይሉ በጥሩ ውጤት አልፏል። ይህን ያደረገው መምህር ሰነፍ አልነበረም፤ በሳምንት የተጫነበትን ክፍለ ጊዜ ብዛት አውቃለሁ። ወረቀት የሚቆጥር አሠራር ወረቀት ያመርታል።

ሥልጠናም እንዲሁ ነው። አበል ተከፍሎት አዳራሽ የዋለ መምህር ተሻሻለ ይባላል፤ ወደ ክፍል ተመልሶ ምን እንደለወጠ የሚጠይቀው የለም። የሰማውን በራሱ ክፍል ሞክሮት፣ ሲሞክርም ያየውና የተወያየው ባልደረባ ከሌለ፣ አዲስ ዘዴ ከአዳራሹ በር አያልፍም።

ጃፓን ውስጥ ከ100 ዓመት በላይ የቆየ ልማድ አለ፦ ጥቂት መምህራን አንድ ትምህርት በጋራ ያዘጋጃሉ፣ አንዱ ያስተምራል፣ የቀሩት መምህሩን ትተው ተማሪዎቹን ይመለከታሉ፣ ከዚያ ተወያይተው ትምህርቱን ያሻሽሉታል። ይህ ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ የትምህርት ክፍል ስብሰባ አለን፣ በአቅራቢያ ያሉ ትምህርት ቤቶች የሚገናኙበት የጉድኝት ማዕከል አለን፣ ጀማሪ መምህር ከነባር ጋር የሚያልፍበት የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ አለን። ለሚጠይቁኝ ባልደረቦች የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ለሴሚስተሩ አንድ ችግር ብቻ ምረጡ፤ «የተማሪዎች የፍላጎት ማነስ» አትበሉ፣ «የ9ኛ ክፍል ተማሪዎች ፍጥነትንና ሽምጠጣን (አክስለሬሽንን) ይቀላቅላሉ» በሉ። አንድ ባልደረባ ክፍላችሁ ገብቶ ከኋላ ይቀመጥ፤ እናንተን ሳይሆን አምስት ልጆችን ይከታተል፣ ምን እንደጻፉ ይመዝግብ። ከክፍል ስትወጡ ወዲያው ተነጋገሩ። ትምህርቱን ለውጣችሁ በሌላ ሴክሽን አስተምሩት። ከዚህ የሚወጣው ሁለት ገጽ ማስታወሻ ማህደራችሁ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩ ሌላ ከጠየቀ ይህን አስቀድማችሁ አሳዩት።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት መምህሩን ይተካዋል»

ቻትጂፒቲ ጥያቄ በማውጣት ይረዳኛል፤ አማርኛው አንዳንዴ ይሳሳታል፣ መልሱንም ማረም ግድ ነው። ሦስት ጣት ያሳየው ልጅ ለምን እንዳሳየ ግን ክፍል ውስጥ ሆኖ መጠየቅ ያስፈልጋል።

«ትምህርት ቴክኖሎጂ ከክፍል መውጫ ነው»

ብዙ መምህራን የሚመዘገቡት ወደ ቢሮ ለመዛወር አስበው ነው፤ ኑሮ ስለከበደ አልፈርድባቸውም። ነገር ግን የሚማሩት ነገር የሚሠራው ክፍል ውስጥ ነውና፣ ክፍሉን ትቶ የሄደ ሰው ትምህርቱንም ትቶ ይሄዳል። በመጪው ክረምት የምትመዘገቡ ካላችሁ የመመረቂያ ጥናታችሁን ርዕስ ከኢንተርኔት አትፈልጉ። የዘንድሮውን የፈተና ወረቀቶች አትጣሉ፤ ተማሪዎቻችሁ አብዝተው የተሳሳቱበትን ጥያቄ ለዩ፣ የመረጡትን የተሳሳተ መልስ ከነብዛቱ መዝግቡ፣ የመጀመሪያው ሳምንት ትምህርት ሲጀመር ያንን ወረቀት ይዛችሁ አማካሪያችሁ ዘንድ ሂዱ።