አለት አጥኚውና የክምችት ክፍሉ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ

አዲስ አበባ በእሳተ ገሞራ ተራሮች የተከበበች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር ይታያሉ። የእንጦጦ አለት ዕድሜ 20 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን ሌሎቹ ከእርሱ በብዙ ያንሳሉ። እዚህ የሚሠራ የአለት ተመራማሪ በመጀመሪያ የሚያነሣው መዶሻ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ ያበላሹትን ቅርፊት ጥሎ ትኩሱን ገጽ ይወስዳል። ከዚያ ናሙናው ተቆርጦ፣ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ወደ 0.03 ሚሊሜትር ውፍረት ይሞረዳል። ከውጭ ጥቁርና ዝም ያለ የሚመስለው ባዝልት በማይክሮስኮፕ ሥር በቀለም ይፈካል፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናት፣ ኦሊቪንና ፓይሮክሲን፣ ከፌልድስፓር የሚለዩትም እዚያው ነው።

የክምችት ሥራን፣ ማለትም ናሙናዎችን መዝግቦ መጠበቅን፣ ለጡረታ የተቃረበ ሰው ማረፊያ አድርገው የሚያዩት አሉ። እንዲህ የሚሉ ሰዎች መለያ ቁጥሩ የጠፋበት መሳቢያ ከፍተው አያውቁም ማለት ነው። ከየትኛው ገደል፣ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ ያልተጻፈለት ናሙና፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ለሳይንስ ከመንገድ ዳር ጠጠር አይሻልም።

ይህ ከሁሉ በላይ የሚታየው ከከተማዋ በስተ ደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው መልካ ቁንጥሬ ነው። በአዋሽ ወንዝ ዳር ያለውን ይህን ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1963 ለሳይንስ ያስተዋወቀው ሆላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ዤራር ዴከር ነው። ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን ለዓመታት መርቷል። የሰው ዘር ወደ 2 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ታሪኩን በድንጋይ መሣሪያ ጥሎ ያለፈበት ሥፍራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2024 ከባልጭት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ባልጭት የባልጩት ድንጋይ ምንጭ ነው፤ የጥንቱ ሰው ጥሬ ዕቃውን ያገኘው ከዚያ እና ወንዞች አጥበው ካወረዱት ጠጠር ነው። ስለዚህ የክምችት ክፍሉን ጠባቂ ሁለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ይህን ስለት ሰው ፈልጦት ነው ወይስ ጎርፍ አጋጭቶት? አለቱስ የየት ነው? የመጀመሪያውን የፍልጠቱ ጠባሳና ቅደም ተከተሉ፣ ሁለተኛውን በውስጡ ያሉ ንጥረ ነገሮች መጠን ይመልሱታል።

ባልጩት እሳተ ገሞራ የፈጠረው የተፈጥሮ ብርጭቆ ነው፤ በአንድ ከረጢት ሲታጎር ጠርዙ ይሰበራል። አዲሱ ስብራት የጥንት አገልግሎት ምልክት ስለሚመስል በኋላ የሚመጣውን ተመራማሪ ያሳስታል። ስለዚህ እያንዳንዱ በየራሱ ከረጢት ይቀመጣል፤ ቁጥሩም የማያሳስት ቦታ ተመርጦ፣ በሚነቀል ቀለም በድንጋዩ ላይ ይጻፋል። ይህ ጥንቃቄ ለጎብኚ አይታይም፤ በመልካ ቁንጥሬ የጎጆ ቅርጽ ባላቸው የማሳያ ቤቶች ውስጥ የሚታየው ከክምችቱ ጥቂቱ ብቻ ነው።

የከተማዋ ዳርቻ በበኩሉ እየተቆፈረ ነው። ለግንባታና ለኮብልስቶን የሚፈለጠው ድንጋይ ለአለት አጥኚ አዲስ ገጽ ይከፍትለታል፤ ያው ቁፋሮ ግን ገጹን ጠርጎ ይወስደዋል፣ ቀሪውም ቤት ይሠራበታል። በዚህ መንገድ ቦታው የጠፋበት ናሙና ተተኪ የለውም። ለምርመራ ይፈጭ የሚል ጥያቄ ሲቀርብ ጠባቂው ከፊሉን ሳይነካ ያስቀራል፤ የተፈጨው ምን ያህል እንደሆነ፣ ለማን እንደተሰጠና ምን ውጤት እንደተገኘም በመዝገቡ ላይ ያሰፍራል።